ልጃችሁ ገዳም ገባች ሲባል የት ደረጃ ላይ ናት? ከቁምስና መዝገብ ክፍል የተጻፈ መምሪያ

በካቶሊክ ቁምስናችን (ደብራችን) ጽሕፈት ቤት የጥምቀት መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ወደ ገዳም የምትሄድ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ወረቀቷን የምትወስደው ከእኔ ጠረጴዛ ነው። ከወረቀቱ በኋላ የሚመጣውን የቤተሰብ ጥያቄም የምሰማው እኔው ነኝ። «መቼ ነው የምትመነኩሰው?» «አሁን ሲስተር ሆነች ማለት ነው?» «በጉ መቼ ይታረድ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ መጨረሻው መሐላ ብዙ ጊዜ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በየደረጃው የልጅቱ መጠሪያ፣ ልብሷ፣ ግዴታዋና የመውጣት መብቷ ይለያያል። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ገና በሁለተኛው ወር ድግስ ይደግሳል፤ ልጅቱ በዓመቷ ስትመለስ ደግሞ «ቆቧን ጣለች» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ያልደፋችውን ቆብ እንዴት ትጥላለች?

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድምና ለእህት ነው። ዕድሜና ዘመን የምጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ሲሆን፣ የእኛን የግእዝ ሥርዓት የሚመለከተው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ነው። ሁለቱ በብዙ ነገር ይስማማሉ፤ የሚለያዩበትን ቦታ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው የታሪክ ዓመቶችም በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የገባችበትን ቤት እወቁ

«ገዳም ገባች» የሚለው አነጋገር ብዙ ዓይነት ሕይወትን በአንድ ጆንያ ይከታል። እንደ ሲታውያን ያሉ መነኮሳት በአንድ ገዳም ተወስነው በጸሎትና በሥራ ይኖራሉ። እንደ ካፑቺኖች ያሉ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ወንድሞች አለቃቸው ወደመደባቸው ቤት ይዘዋወራሉ። በየከተማው ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሲያስተዳድሩ የምናያቸው ደናግል ደግሞ አብዛኞቹ የሐዋርያዊ አገልግሎት ማኅበር አባላት ናቸው፤ ከግቢያቸው የማይወጡ የጽሞና መነኮሳይያት አይደሉም።

ሌላም ዓይነት አለ። የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል የፍቅር ሥራ ልጆች የሚባሉት እህቶች እ.ኤ.አ. በ1633 ሲመሠረቱ፣ ገዳማቸው የሕሙማን ቤት፣ ቅጥራቸውም የከተማው መንገድ እንዲሆን መሥራቻቸው ፈቀደላቸው። በሕግ አነጋገር የሐዋርያዊ ሕይወት ማኅበር ይባላሉ። መሐላቸውን በየዓመቱ መጋቢት 25 ቀን፣ በብሥራት በዓል ዕለት (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያድሳሉ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ልጃችሁ ወደነሱ ከገባች «ዘላለማዊ መሐላዋ መቼ ነው?» እያላችሁ አትጠብቁ፤ የለም። የላዛሪስት ማኅበርም በሕግ የሐዋርያዊ ሕይወት ማኅበር ነው። አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስም፣ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስም ላዛሪስቶች ናቸው።

የሀገረ ስብከት ካህን ደግሞ ገዳማዊ አይደለም። ለጳጳሱ መታዘዝን ቃል ይገባል እንጂ የድኽነት መሐላ አይፈጽምም፤ የሚማረውም በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ነው እንጂ ኖቪሽየት (የገዳም ሕይወት መሞከሪያ ጊዜ) አይገባም። ሁለቱንም «አባ» ስለምንላቸው ይምታታል። በተቃራኒው ገዳማዊ ሆኖ ካህን የማይሆን ወንድ አለ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚመሩት የላ ሳል ወንድሞች መምህራን ናቸው፤ አይቀድሱም፤ ሊቀድሱም አልገቡም። የአንዱ ወንድም አጎት «መቼ ነው የሚቀድሰው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ መልሴን ከሰሙ በኋላም በሚቀጥለው ፋሲካ መልሰው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ልጃችሁ ስትነግራችሁ በቅድሚያ ጠይቁ፦ የማኅበሩ ሙሉ ስም ማን ነው? እዚህ አገር ያለችው ኃላፊ ማን ናት? የኖቪሽየቱ ቤት የት ነው? ማኅበሩ የሚጠየቀው ለቅድስት መንበር (ሮም ላለው የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መንበር) ነው ወይስ ለሀገረ ስብከቱ ጳጳስ? የመጨረሻው ጥያቄ አሁን ትርፍ ይመስላችኋል፤ አንድ ቀን ችግር ሲነሳ አቤት የሚባለው የት እንደሆነ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ከድግሱ በፊት ያሉት ዓመታት

መነሻው «ኑና እዩ» ይባላል፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጌታ ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት የተናገረው ቃል ነው። ልጅቱ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ሄዳ ከደናግሉ ጋር ትቀመጣለች፤ ትጸልያለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ታያለች፣ ትታያለች። ምንም ግዴታ የለበትም። ለዚህ ሽኝት ማዘጋጀት አያስፈልግም።

ቀጥሎ አስፒራንት፣ ከዚያም ፖስቱላንት ትሆናለች። አሁን በቤቱ ውስጥ ትኖራለች። ቋንቋ ትማራለች፣ ትምህርተ ክርስቶስዋን ታጠናክራለች፤ ያልጨረሰችው ትምህርት ካለ ትጨርሳለች። ልብሷ ተራ ልብስ ነው፤ ጉርድ ቀሚስና ሸሚዝ። የጊዜውን ርዝመት የሚወስነው የየማኅበሩ ሕገ ደንብ ነው፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት የሚሄድ አለ። ለጽሞና መነኮሳይያት ግን ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው መመሪያ እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 12 ወር እንዲሆን አዛለች። ፖስቱላንት ሲስተር አይደለችም። በዚህ ጊዜ «ሲስተር» ብላችሁ ስትጠሯት ደናግሉ ፈገግ ይላሉ፤ እሷ ግን ታፍራለች።

ኖቪሽየት፣ አንዳንዶቻችን የተመክሮ ጊዜ የምንለው፣ የዚህ ሁሉ መንገድ ወገብ ነው፤ ቤተሰብ ከማኅበር ጋር የሚጣላውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው። ኖቪስ ለመሆን ቢያንስ 17 ዓመት መሙላት አለባት። ኖቪሽየቱ ለዚሁ ተብሎ በጽሑፍ በተሰየመ ቤት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር መሆን አለበት፤ ከሁለት ዓመትም መብለጥ የለበትም። ከቤቱ በአንድ ጊዜም ሆነ በተቆራረጠ ጊዜ ከሦስት ወር በላይ ከራቀች ኖቪሽየቱ አይጸናም፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከ15 ቀን በላይ ከራቀች ደግሞ የጎደለውን ማሟላት አለባት።

የወንድሟ ሠርግ ላይ ለምን እንዳልመጣች አሁን ገባችሁ? «ደናግሉ ጨካኝ ናቸው፣ ለአያቷ ተዝካር እንኳን አልለቀቋትም» እያለ ቢሮዬ ድረስ የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም። ቀኑ ይቆጠራል። የሞተ ሰው ሲኖር ብዙ ማኅበሮች ለጥቂት ቀን ይፈቅዳሉ፤ ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለቤት ምርቃት ሁሉ ግን አይፈቅዱም። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ይህ ሁሉ ከተደመረ ሦስት ወር ምንም አይደለም። ስልክም እንደዚሁ ነው፤ የሚደወልበት ቀን ይወሰናል። ያን ቀን ደውላችሁ የከብቱን መታመምና የጎረቤቱን የድንበር ክርክር አትዘርግፉባት፤ ደህና መሆናችሁን ንገሯት፣ እሷም ደህና መሆኗን ጠይቁ።

ኖቪስን በዓይን መለየት ይቻላል፤ በብዙ ማኅበር ነጭ ሻሽ ታደርጋለች። በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ የማዘር ተሬሳ ደናግል ናቸው። ስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው ሰማያዊ ጥለት ያለውን ነጭ ሳሪ ያውቀዋል። ያንን ጥለት የምትለብሰው መሐላ የፈጸመች ናት፤ የኖቪሶቹ ሳሪ ጥለት የሌለው ነጭ ብቻ ነው። ሰማያዊውን መስመር ስታዩ የመጀመሪያው መሐላ አልፏል ማለት ነው።

በዓመቱ መጨረሻ የኖቪሶች መምህርት ከምክር ቤቱ ጋር ሆና ትመዝናለች፤ ልጅቱም ትመዝናለች። የኖቪሽየት ዓላማ ይኸው መመዛዘን ነው። ስለዚህ «ተመለሰች» የሚለው ዜና አንዱ ተገቢ ውጤት ነው። ሻንጣዋን ደጃፍ ላይ አይቶ «ምን አጥፍታ ነው?» የሚል ጎረቤት የኖቪሽየትን ትርጉም አልገባውም፤ ንገሩት።

መሐላው

የመጀመሪያ መሐላ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ንጽሕና፣ ድኽነት፣ ታዛዥነት። የማዘር ተሬሳ ደናግል ለድኾች ድኻ በሙሉ ልብና በነጻ ማገልገልን አራተኛ አድርገው ይጨምራሉ፤ ኢየሱሳውያን ደግሞ በመጨረሻ መሐላቸው የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን የተልእኮ ትእዛዝ የሚመለከት አራተኛ መሐላ አላቸው። ለመጀመሪያው መሐላ ዕድሜዋ 18 መሙላት አለበት። ከዚህ ቀን ጀምሮ ሲስተር ናት፤ በሕግም ገዳማዊት ናት።

ነገር ግን መሐላው ጊዜያዊ ነው። ከሦስት ዓመት አያንስም፣ በመደበኛው ከስድስት አይበልጥም፤ አስፈላጊ ሲሆን ተራዝሞ በጠቅላላው እስከ ዘጠኝ ሊደርስ ይችላል። ብዙ ማኅበሮች በየዓመቱ ያሳድሳሉ። በዚህ ጊዜ ያለችውን ጁንየር ሲስተር ይሏታል። ወደ ኮሌጅ የምትላከው፣ ነርስነት ወይም መምህርነት የምትማረው፣ ወደማታውቀው ክልል ወይም ወደ ናይሮቢ የምትመደበው አብዛኛውን ጊዜ አሁን ነው።

ከዚያ ዘላለማዊ መሐላ ይመጣል፤ ዕድሜዋ ቢያንስ 21፣ በጊዜያዊ መሐላ የቆየችበትም ቢያንስ ሦስት ዓመት መሆን አለበት። ይህን ሥርዓት አንድ ጊዜ ያየ አይረሳውም። በቅዳሴው መካከል በስሟ ትጠራለች፤ «እነሆኝ» ብላ ትነሣለች። ምእመናኑ የቅዱሳንን ስም እየጠሩ ሲማልዱ እሷ በመቅደሱ ፊት ለፊት በግንባሯ ትደፋለች፤ እናቶች የሚያለቅሱት እዚህ ጋ ነው። ቀጥሎ በገዛ እጇ የጻፈችውን የመሐላ ቃል ይዛ በማኅበሯ አለቃ ፊት ታነባለች። መሐላውን የምትቀበለው አለቃዋ ናት፤ ጳጳሱ ቢገኝም እንኳን። ወረቀቱን በመንበሩ ላይ ትፈርማለች። በአንዳንድ ማኅበር ቀለበት ይደረግላታል፤ ባይደረግላት አንድ ነገር ጎደለ ብላችሁ አትጠራጠሩ። በጉ የሚታረደው ዛሬ ነው።

በምሥራቁ ሕግ አንድ ልዩነት አለ፦ ጊዜያዊ መሐላ በሌለበት ገዳም ኖቪሽየቱ ራሱ ሦስት ሙሉ ዓመት ነው፤ መግቢያውም 18 ዓመት ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘላለማዊው ይሻገራሉ። ይህ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን የአመክሮ ልማድ ጋር ይቀራረባል።

የምታውቋቸውን ሰዎች ይዛችሁ ብታሰሉት ይቀላል። ማዘር ተሬሳ እ.ኤ.አ. በ1928 በ18 ዓመቷ ሎሬቶ ወደሚባል ማኅበር ገባች፤ በ1931 የመጀመሪያ፣ በ1937 የመጨረሻ መሐላዋን ፈጸመች። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። ሱዳናዊቷ ቅድስት ጁሴፒና ባኪታ ከባርነት ነጻ ወጥታ በ1890 ቬኒስ ላይ ተጠመቀች፤ በ1893 የካኖሳ ደናግል ኖቪሽየት ገባች፤ በ1896 ማለች። ቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ በ15 ዓመቷ ካርሜል የሚባለው የጽሞና ገዳም እንደገባች እየጠቀሱ «የእኛስ ልጅ ለምን አትገባም?» የሚሉ አሉ፤ ያ 1888 ነበር፤ ያኔም ቢሆን ያለ ሙግት አልገባችም፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ድረስ ሄዳ ለምናለች።

ወረቀቱ ላይ

ከቁምስና የሚወሰደው የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ የሜሮን ምስክር ወረቀትና ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ሜሮን ከጥምቀት ጋር አብሮ ከተሰጠ ሁለቱም በአንዱ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ሌላ ወረቀት አትፈልጉ። ማኅበሩ የጤና ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃና የቆሞሱን (የቁምስናውን አለቃ) የድጋፍ ደብዳቤ ይጨምርበታል። ከዚህ በፊት ሌላ ማኅበር ገብታ ከነበረ ያንን መደበቅ አይገባም፤ የዚያ ማኅበር አለቃ ምስክርነት ይጠየቃል፣ ተደብቆም አይቀርም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። መዝገባችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። ልጅቱ ጥቅምት 2000 ተወልዳ ከሆነ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2007 መሆኑ ነው። የማኅበሩ ቅጽ ደግሞ የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጅቱ ወይም ታላቅ ወንድሟ «2000» ብለው እንዳለ ይገለብጡታል፤ ሮም ያለችው ጸሐፊ ስትቀበለው የ17 ዓመቷ ልጅ የ24 ዓመት ሴት ሆና ትገኛለች። ከዚያ የጥምቀት ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ሦስት የተለያየ ዕድሜ ይናገራሉ። ማረሚያው ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ከእኔ ወረቀት ስትወስዱ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጻፍ ጠይቁ፤ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍም ከቀበሌ መታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር።

የግእዝ ሥርዓት ልጆች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የእኛ ሥርዓት ተከታይ የላቲን ሥርዓት በሆነ ማኅበር ኖቪሽየት ለመግባት የቅድስት መንበር ፈቃድ ያስፈልጋታል። ማኅበሩ ለራሳችን ሥርዓት የቆመ ቤት ኖሮት ልጅቱ ለዚያ ቤት የታሰበች ከሆነ ግን አያስፈልግም። ጥያቄውን የሚያቀርበው ማኅበሩ ነው፤ እናንተ በጊዜ መጀመሩን ጠይቁ።

ስለ ስለት ደግሞ ልናገር። «ልጁ ከዳነልኝ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ» ብሎ መሳል በአገራችን የቆየ ነው። የእናት ስለት ግን ልጅን አያስርም። በኃይል፣ በከባድ ፍርሃት ወይም በማታለል የገባ ሰው ኖቪሽየቱ በሕግ ዋጋ የለውም። ልጁ ሳይፈልግ ስለታችሁን በእሱ ሕይወት ለመክፈል አትሞክሩ፤ ጧፍም፣ ጥላም፣ ምንጣፍም ይሳላል። ባል ያላት ሴትም ጋብቻው ጸንቶ ሳለ መግባት አትችልም፤ ባሏ የሞተባት ትችላለች። ሊከፍሉት የማይችሉት ዕዳ ያለበትንም ማኅበሮች መቀበል የለባቸውም፤ እንግዲህ የእቁብ ገንዘብ ወስዶ ገዳም መደበቅ አይሠራም።

ደመወዟና የአባቷ መሬት

በጣም ብዙ ቅሬታ የምሰማው በዚህ ነው። ልጅቱ ነርስ ሆና ሆስፒታል ትሠራለች፣ ደመወዝ አላት፣ እናቷ ግን የቆርቆሮ ቤቷ ያፈሳል። «ለምን አትልክልንም?» መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ፦ ገዳማዊት በሥራዋ የምታገኘው የማኅበሩ ነው፤ ጡረታውም ጭምር። እሷ የምትፈልገውን ከማኅበሩ ትጠይቃለች፤ ማኅበሩም ልብሷን፣ ምግቧን፣ ሕክምናዋን፣ ትምህርቷን ይችላል። የድኽነት መሐላ ማለት ይህ ነው። የቤተሰቡ ችግር ከባድ ሲሆን ለአለቃዋ በግልጽ መንገር ይቻላል፤ የሚረዱ አሉ። ልጅቱን በስልክ ለብቻዋ ማስጨነቅ ግን መሐላዋንና እናቷን እንድታማርጥ ማድረግ ነው፤ ደግ አይደለም።

ለአንዲት ሲስተር ስጦታ ስትሰጡም እንዲሁ አስቡ። የሰጣችኋትን ነጠላ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሲስተር ለብሳው ብታዩ አትቀየሙ። ሙዳይ ሙሉ ቆሎ፣ ማር፣ ቡና ብትወስዱ ቤቱ በሙሉ ይበላዋል፤ እሷም ከሁሉ ይልቅ የምትደሰተው በዚያ ነው።

መሬትና ውርስን በሚመለከት ቸኩሎ ማስፈረም አለ፤ ወንድሞች ፖስቱላንት ሳለች ወረቀት ይዘው ይሄዱባታል። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ከመጀመሪያው መሐላ በፊት የንብረቷን አስተዳደር ለፈለገችው ሰው ትሰጣለች፤ ባለቤትነቱ ግን በአብዛኛው ማኅበር ከእሷ ጋር ይቆያል። ቢያንስ ከዘላለማዊው መሐላ በፊት በአገሩ ሕግ የሚጸና ኑዛዜ ትጽፋለች። ይህ የሚጠብቀው እሷን ነው፤ ከመሐላ በፊት ከተመለሰች ድርሻዋ ይጠብቃታል። ስለዚህ ወንድሞች ሆይ፣ እስክሪብቶውን መልሱት።

የመውጫው በር

ኖቪስ በፈለገችው ቀን መውጣት ትችላለች፤ ማኅበሩም ሊያሰናብታት ይችላል። ጊዜያዊ መሐላ ያላት ጊዜው ሲያልቅ ሳታድስ በነጻነት ትሄዳለች፤ በመካከል ለመውጣት ግን ከባድ ምክንያትና ፈቃድ ያስፈልጋታል። ከዘላለማዊ መሐላ በኋላ ነገሩ ይከብዳል፦ ማኅበሩ ለቅድስት መንበር የሚጠየቅ ከሆነ ፈቃዱ ከዚያ፣ የሀገረ ስብከት ማኅበር ከሆነ ከጳጳሱ ይመጣል። በመሐላዋ እንዳለች ከማኅበሩ ቤት ውጭ እስከ ሦስት ዓመት እንድትኖር የሚፈቀድበት መንገድም አለ። ማዘር ተሬሳ በ1948 ሎሬቶን ለቅቃ ወደ ካልካታ ድኾች የወጣችው እንዲህ ባለ ፈቃድ ነው፤ ማኅበሯ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1950 ነው። ዘላለማዊ መሐላዋን ግን አላፈረሰችም።

የምትወጣ ሲስተር ለሠራችባቸው ዓመታት ደመወዝ መጠየቅ አትችልም። ሕጉ ግን ማኅበሩ በፍትሕና በወንጌላዊ ፍቅር እንዲሸኛት ያዛል። የአውቶቡስ መሳፈሪያ ብቻ አስይዞ የሸኘ ማኅበር አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ያንን የአለቆች አለቃ እንዲያውቀው መጻፍ መብት ነው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ማኅበሩ ለማን እንደሚጠየቅ እወቁ ያልኳችሁ።

ማንን ምን ብላችሁ ትጠራላችሁ?

ይህ አጭር ነው። መሐላ የፈጸመችውን ሲስተር። ነርሷንም ሲስተር ስለምንል ክሊኒክ ውስጥ ግር ይላል፤ መስቀሏን እዩ። ካህን ያልሆነውን ገዳማዊ ወንድም ወይም ብራዘር፤ ካህኑን አባ። የቤቱን ኃላፊ እናት አለቃ ወይም ማዘር፤ ከእሷ በላይ የአንድ አገር ወይም አካባቢ ቤቶችን የምትመራው ፕሮቪንሻል፣ የማኅበሩ ሁሉ አለቃ ደግሞ ጠቅላይ አለቃ ትባላለች፤ የምትመረጠው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። አለቅነት በዘመን የተወሰነ ነው። አምና ፕሮቪንሻል የነበረችው ዘንድሮ የወጥ ቤት ተራ ይዛ ብታገኟት «ተሽራ ነው?» ብላችሁ አታንሾካሹኩ፤ ዘመኗ አልቆ ነው።

መዝገቡ

ዘላለማዊ መሐላ ሲፈጸም ማኅበሩ ወደ ተጠመቀችበት ቁምስና ደብዳቤ ይጽፋል፤ እኔም በጥምቀት መዝገቡ ላይ በስሟ ትይዩ፣ በኅዳጉ፣ ቀኑንና የማኅበሩን ስም እጽፋለሁ። ሌላው ሰው ጋብቻው በሚጻፍበት ኅዳግ ላይ ማለት ነው። ደብዳቤው ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በተለይ መሐላው ውጭ አገር ሲሆን። ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ መጥታችሁ «ደብዳቤው ደርሷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የምትወጣም ከሆነ የመልቀቂያ ፈቃዱ ግልባጭ እዚህ ይምጣ። ዘላለማዊ የንጽሕና መሐላ ያላት ሳትፈታ ብታገባ ጋብቻው አይጸናም፤ ከዓመታት በኋላ ልታገባ ስትመጣ ቆሞሱ መዝገቡን ገልጦ መሐላውን ብቻ ካየ፣ ጋብቻውን ማስፈጸም አይችልም። ያን ጊዜ ፈቃዱን ፍለጋ ሮም ወይም ሀገረ ስብከት መጻፍ ይጀመራል፤ ሠርጉም ይቆያል፣ የተጠራውም ሰው ይመለሳል። ግልባጩን የምታመጡበት ቀን ቀኑንና የደብዳቤውን ቁጥር ከሥሩ እጨምርበታለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቢሮው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ የልጅቱን የክርስትና ስም ይዛችሁ ኑ፣ መዝገቡ የሚፈለገው በእሱ ነው።